ጋሼ ልጄን እንኮኮ ሲሸከሟት ለምን አለቀስኩ?

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ።

ይህን ዓምድ የምታነበው ባለቤቴ ናት። «ጻፍላቸው» ብላ ብላ አሁን እሺ አልኳት። ዕድሜዬ 38 ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በኩል። አባቴ ገበሬ ናቸው። እኔና ወንድሞቼ «ጋሼ» ነው የምንላቸው፣ አንቱ እያልን። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እህቴ ነበረች፤ በ77 ድርቅ በሦስት ዓመቷ አርፋለች። እኔ አላውቃትም። ከእሷ ቀጥሎ የተወለድኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ መጥፎ አባት አይደሉም። ይህን አስቀድሜ ልበል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስገባ መሐል ሜዳ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምማረው። ስንቄን በየሳምንቱ ይዘውልኝ የሚመጡት ጋሼ ናቸው። አንዳንዴ በአህያ፣ አንዳንዴ በትከሻቸው። የገብስ እንጀራ፣ በሶ፣ ቆሎ። በር ላይ ያስቀምጡና «ደህና ነህ?» ይሉኛል። «ደህና ነኝ» እላለሁ። ይመለሳሉ። አራት ዓመት እንዲህ ነው። አንድ ቀን ገብተው ተቀምጠው አያውቁም።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት እንዳመጣሁ ስነግራቸው «ደግ። በል በጎቹን አስገባ» አሉኝ። ሌላ ቃል የለም። ልሄድ ስል ከራሳችን በጎች ጸጉር የተሠራ ጥቁር ባና ሰጡኝ። እናቴ ናት የፈተለችው። ዶርም ውስጥ ልጆቹ በግ በግ ይሸታል ብለው ሳቁብኝ። አልጋ ሥር ደበቅኩት። ስመረቅ እዚያው ትቼው ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ «ያ ባና አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «አለ» አልኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በግ እየጠበቅኩ መጽሐፍ ሳነብ ቀበሮ ጠቦት ወሰደብኝ። ጋሼ ለቡሄ ራሳቸው በገመዱልኝ ጅራፍ ገረፉኝ። ጀርባዬ ላይ ምልክቱ አሁንም አለ። ስለዚህ ተነጋግረን አናውቅም።

ባለፈው ግንቦት ጋሼ ለዓይናቸው ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን መጡ። የሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ነው። ተራ እስኪደርሳቸው እኛ ጋ ቆዩ። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጋሼ ልጄን እንኮኮ ተሸክመው ግቢውን ይዞራሉ። እሷ ሁለቱን ጆሮአቸውን ይዛ እንደ ፈረስ ትነዳቸዋለች። እሳቸው «የኔ ዓለም! የኔ ዓለም!» እያሉ ይስቃሉ። ጋሼ እንዲያ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው ብል አልዋሸሁም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተቃጠለ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። 38 ዓመቴ ነው!

ማታ ራት ላይ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሲያጎርሷት «ጋሼ፣ ልጅቷን አያሞላቅቋት!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቀስ አድርገው ከጭናቸው አወረዷት። ከዚያ ቀን በኋላ አልተሸከሟትም። አንዱ ዓይናቸው ተሠርቶ ፋሻው በተፈታ ማግስት «ባቄላው አልተዘራም» ብለው ሄዱ። የሁለተኛውን ዓይን ቀጠሮ እንኳ አልጠበቁም።

ሰኔ ላይ ባለቤቴ «የአባቶች ቀን ነው» ብላ ጋሼ ልጄን የተሸከሙበትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ሰው ሁሉ «ምን ያለ አባት ነው፣ ታድለህ!» ይላል። እኔ ላይክ ማድረግ አቃተኝ። አሁን ስደውል «ደህና ነን፣ ልጅቷ ደህና ናት?» ብለው ስልኩን ለእናቴ ይሰጧታል።

ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። የጎዱኝንም ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት ይባላል? ወንድሜ «ሽማግሌ አታስጨንቅ፣ ጃኬት ገዝተህ ላክ» ይላል። ባለቤቴ «ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ» ትላለች። እኔን የቱም አልመጣልኝም። ምን ይሻለኛል?

የጋሼ ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ወንድሜ፣

ከዚያች ሽንት ቤት ውስጥ ካለቀስካት ልቅሶ ልጀምር። በልጅህ የቀናህ አይመስለኝም። ይህን ያህል ዓመት ስለ አባትህ አንድ ነገር አምነህ ኖረሃል። «ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም» ብለህ። ሰው የሌለውን ነገር ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? ስለዚህ አልተከፋህም፣ ወይም የተከፋህ አልመሰለህም። ያን ቀን ግን ግቢው በር ላይ ቆመህ በዓይንህ አየኸው። ለካ አላቸው። ሳቁም አለ። «የኔ ዓለም» ማለቱም አለ። ያኔ የአሥር ዓመቱ ልጅ ከውስጥህ ብድግ ብሎ «ታዲያ የእኔስ የት ሄደ?» አለ። ያለቀሰው እሱ ነው። ራት ላይ የጮኸውም እሱ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በቡሄ ሰሞን ነው። ልጆች በየበሩ ይጨፍራሉ፣ ጅራፍ ይጮኻል። የደብረ ታቦርን ወንጌል ታውቀዋለህ። ደመናው ሲጋርዳቸው ከውስጡ «የምወደው ልጄ ይህ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። የጅራፉ ጩኸት የዚያ የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ብለው አስተምረውናል። በዚህ በዓል ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። ያ ቃል በሹክሹክታ አልተነገረም። ሌላ ሰው እየሰማ ነው የተነገረው። ልጅ ከአባቱ አፍ እንዲህ ያለ ቃል መጠበቁ ሞኝነት አይደለም። ዕድሜም አያስቀረውም። ስለዚህ «38 ዓመቴ ነው» እያልክ ራስህን አትውቀስ።

አንተ ደግሞ ከአንድ ጅራፍ ሁለት ነገር ነው የተቀበልከው፤ የበዓል ደስታና የጀርባ ጠባሳ። ይሄ ነው ያሳዘነኝ። ግርፋቱን አላሳንስብህም። «የዚያን ዘመን አባት ሁሉ ይገርፍ ነበር» ይሉሃል። እውነት ነው። የሁሉም መሆኑ ግን ያንተን ጀርባ አያሽረውም። ለመንዝ ገበሬ በግ ማለት ልብስ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው፣ የግብር ገንዘብ ነው። አንዲት ጠቦት ስትጠፋ ቤቱ ይጎድላል። ይህንን አውቃለሁ። የአሥር ዓመት ልጅም የአሥር ዓመት ልጅ ነው።

አሁን አንተ ቶሎ ያለፍካትን አንዲት መስመር ላንሳ። እህትህ በ77 ድርቅ በሦስት ዓመቷ አረፈች ብለሃል። ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ሄድክ። ወረድ ብለህ ደግሞ «ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው» አልክ። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አስቀምጠህ አይተሃቸው ታውቃለህ?

አባትህን አላውቃቸውም። ልባቸውን ከዚህ ሆኜ ላነብ አልችልም። እስቲ ግን አብረን እናስብ። ያ ድርቅ ወሎንና ትግራይን ብቻ አይደለም የመታው። ሰሜን ሸዋንም አግኝቷል። ያን ጊዜ አባትህ ወጣት አባወራ ነበሩ። የበኩር ልጃቸውን፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ፣ ቀበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንተ ተወለድክ። ልጁን እንዲያ የቀበረ ሰው ቀጣዩን ልጅ እንዴት ነው የሚያቅፈው? አንዳንዱ ከእጁ አይለቀውም። አንዳንዱ ደግሞ ማቀፍ ይፈራል። እህሉን ያመጣል፣ ልጁ እንዳይራብበት በሌሊት ተነስቶ ስንቅ ይሸከማል። መውደዱን ግን አይናገርም፣ የሰማ እንዳይወስድበት።

በር ላይ ቆመው «ደህና ነህ?» ሲሉህ ምን እያዩ ነበር ይመስልሃል? እኔ ሳስበው ፊትህን ነው። ከስተህ እንደሆነ።

ላይሆንም ይችላል። ምናልባት ጸባያቸው ነው። ምናልባት እሳቸውም ከአባታቸው ያዩት ይኸንኑ ነው። ድሮ በብዙ ቤት ሰው በአባቱ ፊት የራሱን ልጅ ማቀፍ ያፍር ነበር። የልጅ ልጅ ሲመጣ ያ እፍረት ይቀራል። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸውና እናትህ ናቸው። ይህን ያነሳሁት ሐዘንህን ልነጥቅህ ብዬ አይደለም። ያን ማታ በተናገርከው ቃል ራስህን እንድትገርፍም አይደለም። አላወቅክም። ማንም አልነገረህም። ግን አሁን አስበው። ሦስት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ነበር። «አያሞላቅቋት» ተባሉ። ቀስ አድርገው አወረዷት።

የጓሳን ነገር ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። የአገርህ ሰው ያን ሣር ከ400 ዓመት በላይ በሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። ለዓመታት ይዘጉታል። ማንም አያጭደውም፣ ከብት አይገባበትም። የሚዘጉት ግን ስለማይፈልጉት አይደለም። ቤት የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው በእሱ ነው። ጊዜው ሲደርስ ይከፍቱታል። ስለ አባትህ ሳነብ ይሄ ነው የመጣብኝ። ግንቦት ላይ ተከፍቶ ነበር። በአንድ ቃል ተመልሶ ተዘጋ። ቃሉ ካንተ ስለወጣ የመክፈቻውም ቃል ካንተ ቢመጣ ይሻላል።

«ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት ይባላል?» ብለሃል። አንድ ላይ አይባልም። ምስጋናውን አስቀድመህ ቅሬታውን ብታስከትል፣ አባትህ የሚሰሙት ከ«ግን» በኋላ ያለውን ብቻ ነው። ያ የስንቅ ምስጋና ሁሉ ለክሱ ማለዘቢያ የመጣ ይመስላቸዋል። የሁለቱ ቀን ይለያይ። ከሁለቱም በፊት ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ፤ የራት ላይዋ ቃል።

እሷን በስልክ ጨርሳት። ዛሬ ወይም ነገ ደውል። ስልኩን ለእናትህ ከመስጠታቸው በፊት ቶሎ በል። «ጋሼ፣ ያን ማታ ያለ ቦታው ተናገርኩ። ይቅር ይበሉኝ። ልጅቷን እንደ ድሮዎ ይሸከሙልኝ» በላቸው። እዚህ ላይ አቁም። ምክንያት አትደርድር። ሥራ ደክሞኝ ነው አትበል። «እሺ፣ ደግ» ብለው ስልኩን ለእናትህ ይሰጡ ይሆናል። ይስጡ። ሰምተውሃል። ከዚያ ልጅቷን ስልኩ ላይ አቅርባት። እሷ የምትለውን ታውቅበታለች።

ስለ ዓይናቸውም ጠይቅ፣ ይሄ የሚዘገይ ነገር አይደለም። ጠብታውን በሥርዓቱ ጨርሰዋል? ከጭስና ከአቧራ ይጠብቁታል? የቀላ ወይም የሚያም ከሆነ፣ ወይም ማየቱ ከቀነሰ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ሁለተኛው ዓይንም አለ። አንድ ነገር ግን ልብ ብለሃል? ፋሻው በተፈታ ማግስት ነው የሄዱት። ልጅህን ያን ሁሉ ሳምንት ያዩዋት በሞራ ውስጥ ነው። በጠራ ዓይን ያዩዋት አንድ ቀን ቢሆን ነው። «ጋሼ፣ ለሁለተኛው ዓይንዎ ይምጡ። ልጅቷን ገና በደንብ አላዩዋትም» በላቸው። እኔ ከዚህ የበለጠ ግብዣ አላውቅም።

ከዚያ ሂድ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣራና ለመስቀል ድረስ። ከሆነልህ ባለቤትህንና ልጅህን ይዘህ። የጣርማ በር ብርድ ለሕፃን ክፉ ነው፣ ደርባችሁ አልብሷት። ባለቤትህ «እግራቸው ላይ ውደቅ» ያለችው እሷም አዝና ነው። ግን እግር ላይ መውደቅ የተጣላ ሰው ነገር ነው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ። አባትህ ይደነግጣሉ። ጉልበት ስመህ ግባ፣ እንደ ማንኛውም በዓል። ይበቃል።

እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ እናትህ ምድጃ ዳር ተቀመጥ። «የእህቴ ስም ማን ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው። ስሟን በደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ምናልባት ታውቀው ይሆናል። ካላወቅከው ግን ይህን ጥያቄ ከእናትህ ጀምር እንጂ ከአባትህ አትጀምር። እናትህ መንገዱን ያውቁታል። «አባትህን እንዳታነሳበት» ካሉህ አታንሳ። «እሱም ቢያወራ ይሻለው ነበር» ካሉህ ደግሞ ቀኑን እሳቸው ይምረጡልህ።

አሁን ወደ ባናው። እኔን በደብዳቤህ ውስጥ ከሁሉም በላይ የነካኝ እሱ ነው። ለአባትህ የምትነግረው ምስጋና እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። «አመሰግናለሁ» በአባትና በልጅ መካከል የቢሮ ቃል ይሆናል። አንተ ብትለው ያሳፍርሃል፣ እሳቸው ቢሰሙት የሚመልሱት ያጣሉ። የጃኬቱም ነገር እንዲሁ ነው። ይላክ፣ ብርድ ነው፣ ይለብሱታል። ግን ጃኬት ሲላክ አንተ ሰጪ እሳቸው ተቀባይ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ስንቅ ሲሸከም የኖረ ሰው እጁን ዘርግቶ መቀበል ይከብደዋል። ከእጃቸው አንድ ነገር መፈለግህን ቢሰሙ ነው ደስ የሚላቸው።

ስለዚህ እውነቱን ንገራቸው። «ጋሼ፣ ያ ባና አለ ብዬ ዋሽቼዎታለሁ። ልጆች ሳቁብኝ፣ አፈርኩ፣ ትቼው ወጣሁ። ዛሬ ይቆጨኛል። ለልጄ አንድ ባና ያሠሩልኝ።» ምን እንደሚሉ እንጃ። ዝም ይሉ ይሆናል። ግን አስበው። በጎቹ መሸለት አለባቸው። ጸጉሩ በደጋን ይነደፋል። እናትህ አቅሙ ካላቸው ይፈትሉታል፣ ካልሆነም የሚፈትል ይፈለጋል። ከዚያ ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል። ይሄ የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንተና አባትህ ስልክ የምትደዋወሉበት ጉዳይ አላችሁ። «ተሸለተ?» «ተሸለተ።» «ሸማኔው ምን አለ?» እንዲህ እንዲህ እያለ፣ «ደህና ነህ?» ብቻ የነበረው ንግግር ትንሽ ይረዝማል።

የስንቁንም ነገር በጥያቄ አንሳው። «ጋሼ፣ መሐል ሜዳ ስንቄን ሲያመጡልኝ ከቤት ስንት ሰዓት ነበር የሚነሱት? ለምን ገብተው አይቀመጡም ነበር?» ይህን ሁለተኛውን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። አከራዮቹን አፍረው ይሆን? ጫማቸውን? ወይስ ከተቀመጡ መነሳቱ ይከብዳቸው ነበር? መልሱን ሳታውቅ «አራት ዓመት ሙሉ ገብተው አልተቀመጡም» ብለህ እስከ ዛሬ ይዘኸዋል። መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

እኔም አባት ነበረኝ፣ ከዚያው ከሸዋ፣ ዝምተኛ። በ40 ቀን ተዝካሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ስለ እሱ አንድ ነገር ተናገሪ አሉኝ። ተናገርኩ። ሰው አለቀሰ። ማታ ብቻዬን ስቀር ከተናገርኩት ውስጥ አንዱንም ለእሱ ነግሬው እንደማላውቅ ገባኝ። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው። አንተ አሁን ጀንበሯ አለችልህ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የምጎተጉትህ።

የጅራፉስ ቀን? እሱ በመጀመሪያው ጉዞ ባይሆን ደስ ይለኛል። ለሁለተኛው ዓይን ሲመጡ፣ ወይም ባናው ሲያልቅ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ። ልጅቷ ባትኖር፣ ወንድሞችህም ባይኖሩ። «ጋሼ፣ ያቺ ቀበሮ የወሰዳት ጠቦት ትዝ ትልዎታለች?» ብለህ ጀምር። በደንብ ነው የሚያስታውሷት፣ አትጠራጠር። «ያን ቀን በጣም ፈርቼዎት ነበር። እስከ ዛሬ ውስጤ አለ» በል። የተሰማህን ብቻ። «ለምን ገረፉኝ?» አትበል፣ ጥያቄው ችሎት ያቆማቸዋል። «ይሄ ደግሞ ምን ይወራል» ብለው ተነስተው ይወጡ ይሆናል። አትከተላቸው። እንዲህ ያለ ሰው መልሱን ከቀናት በኋላ፣ በሌላ ነገር አስታኮ ያመጣዋል።

ይቅርታ ጭራሽ ባይመጣስ? ሊሆን ይችላል። ያኔም ብትናገር አይቆጭህም። ሐዘኑን ግን ብቻህን አትሸከመው። ባለቤትህ አለች። የንስሐ አባትህ አሉ። እንቅልፍ የሚነሳህ ከሆነ ወይም በቤትህ ውስጥ እየጮኽክ ከተቸገርክ ሆስፒታል ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠይቅ። ነውር የለውም።

ልትመለስ ስትል ደግሞ ሳትመረቅ አትውጣ። ጎንበስ በልና «ይመርቁኝ» በል። እንደ አባትህ ያለ ሰው በወሬ የማይናገረውን በምርቃት ይናገራል። እዚያ ውስጥ አፉ አይያዝም። ሌላ ጊዜ «አሜን፣ አሜን» ብለህ አልፈኸው ይሆናል። በዚህ ጊዜ ቃል በቃል ስማው። የልጅህን ስም ቢያነሱ፣ ያንተን ስም ቢያነሱ፣ ድምፃቸው የት ላይ እንደሚሰበር ስማ። የጠበቅከው ቃል እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ በእሳቸው አነጋገር።

ስለ ፌስቡኩ አትጨነቅ። የአባቶች ቀን ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ እዚያም ብሔራዊ በዓል ሆኖ በሕግ የታወጀው በ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የሚውለው በሰኔያቸው ሦስተኛ እሑድ ስለሆነ በእኛ ከሰኔ 8 እስከ 14 ባለው ጊዜ ያርፋል፣ ያገርህ አባቶች እርሻና ዘር ላይ ተጠምደው ሳለ። ላይክ ባለማድረግህ ውለታ ቢስ አልሆንክም። ፎቶውን ግን አሳትመው። ስትሄድ ይዘህላቸው ሂድ። በተሠራው ዓይናቸው ያዩታል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አንተስ ልጅህን እንኮኮ ተሸክመሃት ታውቃለህ? በደብዳቤህ ውስጥ እሷን የያዝካት ቦታ አጣሁ። ምናልባት ረስተኸው ነው። ካልሆነ ግን ዛሬ ከሥራ ስትገባ ሞክረው። ጆሮህን ትያዝህ።

የእህትህን ስም ካገኘህ፣ የባናውም ነገር እንዴት እንደሆነ፣ ጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።